የአደራ መንገደኛ

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ይህን የምለው ልኩራራበት ብዬ አይደለም፤ እንጀራዬ ያስተማረኝ ነገር ነው። በደብረ ብርሃን መናኸሪያ፣ እጅ ብቻ በምታሾልክ ጠባብ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ሃያ ሁለት ዓመት ትኬት ቆርጫለሁ። ፊቱን ሳላይ በእጁ ብቻ የማውቀው ሰው ብዙ ነው። «እህቴ፣ የመጨረሻዋን ወንበር ለኔ፣ እናቴ በጠና ታማብኛለች» የሚል እጅ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ጥፍሩን ነው። እናቱ በጠና የታመመችበት ሰው ሎተሪ ሲፍቅ አያረፍድም። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ይላሉ የጥንት ሰዎች። እኔ እንኳን ከገንፎው ከውኃውም እፈልጋለሁ።

ደግሞስ ባልጠረጥር ይፈረድብኛል? የጫጫው ሚኒባስ ረዳት «አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ሲጮኽ ሰምታችሁ ዘላችሁ ገብታችሁ ታውቁ ይሆናል። ገብታችሁ ቁጭ ስትሉ ከጎናችሁ የነበረው ጎረምሳ ብድግ ብሎ ይወርዳል። ቀጥሎ ከኋላ ሁለቱ ይወርዳሉ። ለካ መንገደኞች አይደሉም፤ መኪናው የሞላ እንዲመስል የተቀመጡ የረዳቱ ጓደኞች ናቸው። እናንተ እዚያ አንድ ሰዓት ትጠብቃላችሁ፣ እነሱ ሻይ ይጠጣሉ። እኔ መኪና ስገባ ገና ሳልቀመጥ ነው የምጠይቀው፤ «አንተ መንገደኛ ነህ ወይስ ማሟያ?» ስንቱን ሰው እንዳስኮረፍኩ አትጠይቁኝ። አንድ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ፣ ከረባት ያሰረ ሰው፣ መታወቂያውን አውጥቶ አሳይቶኛል። መታወቂያውንም ገልብጬ አየሁት።

ሥራ ስጀምር መናኸሪያው መሐል ከተማ ነበር፣ ከገበያው ጋር ተለጥፎ። ክረምት ጭቃው ከእግር ጫማ ያወልቃል። አውቶቡሶቹ ቂጥና ግንባር ገጥመው ስለሚቆሙ አንዱ እንዲወጣ አራቱ መነሣት ነበረባቸው፤ አራቱ ሹፌሮች ደግሞ አራት ቦታ ቁርስ ላይ ናቸው። የሰላ ድንጋዩ መኪና በገበያ ቀን ሲገባ ከጣሪያው ላይ በግ፣ ከበጉ ጎን የገብስ ጆንያ፣ ከጆንያው ላይ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ በጋቢ ተጠቅልሎ ይታያል። ድምፅ ማጉያ አልነበረንም። ስምሪቱ፣ መኪኖቹን በየተራቸው የሚያወጣው ባልደረባችን ማለቴ ነው፣ ደረጃው ላይ ቆሞ «ለሚ! ለሚ የመጨረሻ!» ሲል ቤተ ክርስቲያን ያለ ሰው ሳይቀር ዞር ይል ነበር። ቀጭን፣ ቁጡ ሰው ነው። ያን ሁሉ ዓመት አብሬው ስሠራ ለማንም ሰው ከወንበሩ ሲነሣ አላየሁትም።

ከዚያ ከተማው ሰፋ። ፋብሪካው መጣ፣ ዩኒቨርሲቲው መጣ፣ ከየአገሩ ሠራተኛው መጣ። መናኸሪያው ጠበበ ተባለና ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ትናንት ገብስ በነበረበት ሜዳ ላይ አዲስ ተሠራ። «ለምን እዚያ?» ብዬ ያልጠየቅኩት ሰው የለም። «ለከተማው ዕድገት ነው» አሉኝ። ዕድገት መቼም የሚመጣው ሁልጊዜ ከኔ ቤት በሚርቀው በኩል ነው። በመጀመሪያው ቀን በውርጭ እየተንቀጠቀጥን ስንደርስ ባጃጆች በሜዳው ዳር ተሰልፈው ጠበቁን። እኛ ሠራተኞቹ የምንዛወርበትን ቀን የሰማነው በዋዜማው ነው፤ እነሱ ማን ነግሯቸው ቀድመው ተሰለፉ? እስከ ዛሬ የመለሰልኝ የለም።

በአዲሱ መናኸሪያ በር ላይ የምንሰጣቸው አገልግሎቶች የተዘረዘሩበት ትልቅ ሰሌዳ አለ። ያጻፈው ሰው የተመኘውን እንጂ ያየውን እንዳልጻፈ እምላለሁ። የመንገደኞች መቆያ አዳራሽ ይላል። አዳራሹስ አለ፤ ወንበሮቹ ግን ብረት ናቸው፣ በኅዳር ጧት የተቀመጠባቸው ሰው ሲነሣ ሱሪው እዚያው የቀረ ይመስለዋል። የእናቶች ማጥቢያ ክፍል ይላል። ቁልፉ አንድ ዘበኛ ዘንድ ነው፣ ዘበኛው ደግሞ ልጅ የያዘች ሴት በመጣች ቁጥር የለም። አንድ ቀን ነገሩ አላምረኝ ብሎ በመስኮቱ ባጮልቅ ክፍሉ ድንች በድንች ሆኗል! «ምንድን ነው ይሄ?» ብለው «ብርድ እንዳይመታው ነው እትዬ» አለኝ፣ ሳያፍር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁልፉ በኔ መሳቢያ ውስጥ አደረ።

የዕቃ ማስቀመጫውም አለ፣ የመረጃ መስኮቱም አለ። በመረጃ መስኮት የተቀመጠችው ልጅ ግን መረጃውን ከኔ ነበር የምትጠይቀው።

ሰሌዳው ላይ ያልተጻፈ አንድ አገልግሎት ነበረን። እሱን የምናውቀው ሠራተኞቹና ሹፌሮቹ ብቻ ነን። በሱ አልቀልድም።

በኛ አገር ሰው ሲሞት ለቅርብ ዘመዱ በስልክ አይነገርም። ነውር ነው። ብቻውን የሰማ ሰው ራሱን መሬት ላይ ይፈጠፍጣል፣ የሚይዘው የለም። ስለዚህ «ትንሽ አሞታልና ብቅ በል» ይባላል። ወይም «ክርስትና አለ» ይባላል፣ «የመሬት ጉዳይ ገጠመን» ይባላል። ሰውየው አገሩ ይገባል። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ከግራ ከቀኝ ተቀምጦ፣ እህል ውኃ ካስቀመሱት በኋላ ነው መርዶው የሚነገረው። ዛሬ ዛሬ ስልኩ ከሽማግሌው እየቀደመ ስንቱን መንገድ ላይ አስቀርቶታል፤ የኛ ሰው ግን አሁንም የቻለውን ያህል ይደብቃል።

ታዲያ ያ ሰው ቤቱ እስኪደርስ መንገድ ላይ ማን ይጠብቀው? እኛ። አንድ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ቀድሞ ይመጣና ወደ መስኮቴ ጎንበስ ብሎ «ያቺ አረንጓዴ ሹራብ ለባሽ አደራ ናት፣ አታውቅም» ይለኛል። ሌላ አይጨምርም፣ እኔም አልጠይቅም። የአደራ መንገደኛ ጋቢና ይሰጠዋል፣ ከኋላ ያለ ወሬኛ እንዳያገኘው። ስምሪቱ መኪናው ባይሞላም የመውጫ ወረቀት ይጽፍለታል። ሹፌሩ ዘፈን አይከፍትም። ረዳቱም የዚያን ቀን አፉን ይሰበስባል። እኔ ደግሞ ትኬቱን ቆርጬ፣ ፈገግ ብዬ፣ «መልካም መንገድ» እላለሁ። ስንት ጊዜ እንዳልኩ እግዜር ይወቀው።

አንድ መምህር ግን ከልቤ አይወጣም። አባቱ ለሚ ሞተው፣ እሱ ሳያውቅ በኔ ትኬት ሄደ። አርባቸውን አውጥቶ ሲመለስ መስኮቴ ጋ መጣና ጎንበስ ብሎ ፊቴን ፈለገ። «አንቺ ታውቂ ነበር» አለኝ። የትኬት ጥራዙን ገለጥ ገለጥ አደረግኩ። «ታውቂ ነበር፤ ግን ሳቅሽልኝ።» ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሳቀልኝን ሰው ሁሉ ምን ደብቆኝ ነው ማለት ጀመርኩ፣ ይኸው እስከ ዛሬም አልተወኝም።

ባለፈው ኅዳር ነው፤ ጡረታ ከወጣሁ ገና ዓመቴ ነበር። አባባ፣ አባቴ ማለቴ ነው፣ ከአንኮበር ወረድ ብሎ ባለ አንድ ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ የቀደሱ ቄስ ናቸው። ታናሽ ወንድሜ አብሯቸው ይኖራል። አንድ ምሽት ደወለልኝ።

«እታለም፣ አባባን ትንሽ አሟቸዋልና ነገ ብቅ በይ።»

«ትንሽ ማለት?»

«ትንሽ ነዋ።»

«እስቲ ስልኩን ስጣቸው።»

«ተኝተዋል» አለና ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አይሠራም። መልሼ ብደውል አይሠራም።

«ትንሽ አሞታል!» ይቺን ቃል ለኔ? በዚህች ቃል ስንት ሰው አሳፍሬያለሁ! ቁጭ አልኩ፣ ተነሣሁ፣ ደግሞ ቁጭ አልኩ። የሞት ነገር ብቻ አልነበረም ያቃጠለኝ። ከአባባ ጋር የተለያየነው ተኮራርፈን ነው። ወንድሜ የቤቱን ይዞታ ወረቀት በስሙ አዙሯል ብዬ ጠርጥሬ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ በእሳቸው ፊት ተናገርኩት። አባባ ወረቀቱን ከሳጥን አውጥተው ሳይናገሩ አስቀመጡልኝ። በራሳቸው ስም ነበር። «ልጄ፣ እኔንም ትጠረጥሪያለሽ» አሉኝ። ይቅር በሉኝ ማለት አቃተኝ፣ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ስድስት ወር ሙሉ «የሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ» ስል ነበር። እንግዲህ ሳልደርስባቸው ከሞቱ ያቺ ቃላቸው የመጨረሻቸው ልትሆን ነው። እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

መናኸሪያ ስደርስ ያ ቁጡ ስምሪት ከወንበሩ ተነሣልኝ። ተነሣልኝ!

«ወዴት ነው እቴ?» አለኝ።

«አንኮበር። አባባን ትንሽ አሟቸው ነው።»

ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሲያልፍ አየሁ። «እግዜር ይማራቸው» አለ፣ አቀርቅሮ። «በይ እዚያ የአንኮበር መቀመጫ ላይ አረፍ በይ። ጋቢና አደርግሻለሁ።»

ጋቢና! እኔ መቼ ጠየቅኩት? ዝም ብዬ ሄጄ ብረቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ከጎኔ አንዲት የሃያ ዓመት የምትሆን ልጅ፣ አዲስ ሹራብ የለበሰች፣ እግሯን እያወዛወዘች ዳቦ ትገምጣለች። ትንሽ ቆይቶ አንዲት የማላውቃት ባለነጠላ ሴትዮ ወደ ስምሪቱ ክፍል ገብታ ጆሮው ላይ ስታንሾካሽክ በመስታወቱ አየሁ። ከዚያ ሁለቱም ዞረው ወደኛ መቀመጫ ተመለከቱ። ሴትዮዋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፣ በኋላ በር ወጥታ ሄደች። ከወንድሜ ጋር የምትተዋወቅ የአንኮበር ሴት መሆን አለባት አልኩ፤ እሱ ልኳት ነው።

ስምሪቱ ራሱ መጥቶ ሻንጣዬን ያዘ። እኔን ከሹፌሩ ጎን፣ ልጅቷን ከበሩ በኩል አስቀመጠን። በሩን ከመዝጋቱ በፊት እጄን ጭብጥ አድርጎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። አንድ ነገር ሊለኝ ፈልጎ ልጅቷ ስላለች ተወው። እኔ ምን ሊል እንደነበር ያወቅኩ መሰለኝና እንባዬ መጣ።

ሚኒባሱ ሦስት ባዶ ወንበር ይዞ ወጣ። የአንኮበር ሚኒባስ! ሰው ጉልበት ላይ ሰው ካልተቀመጠ የማይነቃነቀው! ረዳቱ «አንድ ሰው የቀረው» ማለቱን ትቶ እንደ ዲያቆን እጁን አጣምሮ ተቀምጧል። ከከተማው ስንወጣ ቴፑ በራሱ ጊዜ አንድ የሰርግ ዘፈን ቢጀምር ሹፌሩ እጁ እሳት እንደነካው ሰው ፈጥኖ አጠፋው። ሹፌሩን ከድሮ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ያለ ዘፈን ማርሽ መቀየር የማይችል ሰው ነው።

«ዘፈኑን ምነው ዘጋህ?» አልኩት።

«ራሴን አሞኝ ነው።»

«መቼ ጀመረህ?»

«ዛሬ።»

ውሸታም! እኔ አፍ ውስጥ ገብቼ ጥርስ የምቆጥር ሴት ነኝ፣ ለኔ ነው ራሴን አሞኝ?

ልጅቷ ግን ጨዋታ አማራት። በፋብሪካ ነው የምትሠራው፣ የእኅቷ ልጅ ሰማንያዋ ደርሶ ለክርስትና ተጠርታለች። «አለቃዬ እኮ ሁለት ቀን ፈቃድ ብለው አምስት ቀን ሰጠኝ። እንዲህ ደግ መሆኑን አላውቅም ነበር!» አለችኝ እየሳቀች። ሰማኋት፤ ግን አላዳመጥኳትም። የኔ ጆሮ ሹፌሩ ላይ ነበር። ዛሬ ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የአደራ መንገደኛ ያሳፈርኩ ሴት፣ አንድ ቃል ሳይቀር ጆሮዬ ሥር ተነግሮኝ፣ የዚያን ቀን የሰው ደግነት ሁሉ ለኔ ብቻ የተላከ መሰለኝ።

«እርስዎስ ለምን ነው የሚሄዱት?» አለችኝ።

«አባቴን አሟቸው።»

«ውይ፣ አይዞዎት!» ዳቦዋን ቆርሳ ሰጠችኝ። አልወርድልሽ አለኝ። «ይድናሉ፣ ያያሉ። እኔ አባቴ አምና እንዲሁ ታመው ሁላችንም ተስፋ ቆርጠን ነበር፣ አሁን እንደ ጎረምሳ ነው የሚሄዱት።» እጇን በትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች።

ጉሙ ከገደሉ በኩል እየወጣ መንገዱን ሸፈነው። ሹፌሩ መብራት አበራና ቀስ አለ። ስልኩ ጮኸ። ወደ መስኮቱ ዞር ብሎ፣ በተቻለው መጠን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አዎ፣ ግማሹን አልፈናል… በሉ ተዘጋጁ» አለ። ስልኩን ፈጥኖ ኪሱ ከተተ።

እዚህ ላይ በቃኝ።

«አቁም!» አልኩት።

«ምን ሆንሽ እትዬ?»

«አቁም ብያለሁ! አባቴ ሞተዋል።»

«ኧረ በመድኃኒዓለም!» አለ። ዳር ይዞ አቆመ። እኔን አልፎ ወደ ልጅቷ አየና መልሶ ወደ መሪው አቀረቀረ። «ዝም በይ፣ ስንደርስ እነግርሻለሁ፣ እለምንሻለሁ ዝም በይ።»

«ስንደርስ? ሰው ሰብስባችሁ ልታረዱኝ? እኔን? ይህን ሥራ ያስተማርኳችሁ እኮ እኔ ነኝ! ዘፈኑን ለምን ዘጋህ? ሳይሞላ ለምን ወጣህ? ያ ክፉ ሰውዬ ለምን ተነሣልኝ? ተዘጋጁ ያልከው ለማን ነው? ንገረኝ፣ በአባትህ አጥንት ንገረኝ!»

ነጠላዬን አገልድሜ ደረቴን መምታት ጀመርኩ። «ወይኔ አባባ! ይቅር ሳይሉኝ!» እያልኩ ጮኽኩ። ከኋላ ያሉት መንገደኞች ከንፈራቸውን መጠጡ፣ አንዲቱማ አብራኝ ማልቀስ ጀመረች። ልጅቷ ሁለት እጇን አንገቴ ላይ ጠምጥማ፣ ፊቷን ከፊቴ አጣብቃ፣ «አይዞዎት እናቴ፣ አይዞዎት» ትለኛለች፣ እሷም ታለቅሳለች። ለኔ አባት ነበር የምታለቅሰው።

ሹፌሩ አልቻለም። መሪውን በጡጫ መታው።

«አባትሽ ደኅና ናቸው! ትናንት ማታ ወንድምሽን አግኝቼው ሻል ብሏቸዋል ብሎኛል። ያንቺ አይደለም እኮ! ያንቺ አይደለም!»

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ ሞቀኝ። ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሣሁና «ተመስገን! እመቤቴ ተመስገን!» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ከዚያ አንገቴ ላይ የነበረው እጅ ቀስ እያለ ሲላላ ተሰማኝ።

«ያንቺ አይደለም ማለት?» አለች ልጅቷ።

ሹፌሩ ጉም የያዘውን መስታወት በክንዱ መጥረግ ጀመረ። ጋቢና የተቀመጥነው እኔና እሷ ነን።

«ታዲያ የማን ነው?»

ሹፌሩ አንኮበር ለሚጠብቋት ሽማግሌዎች ቃል ሰጥቷል፤ መኪናውን አስነሣ። ልጅቷ ወደኔ ዞረች። «እርስዎ ያውቃሉ?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። ብዙ አውቄ የዋሸሁ ሴት፣ ያን ቀን በእውነት አላውቅም ነበር፤ እሷ ግን የምታምነኝ አልመሰለኝም።

«አባቴ ናቸው? እማዬ ናት? አባቴ ናቸው?»

አላለቀሰችም። ማን እንደሞተ ሳያውቅ ሰው ለማን ያለቅሳል? ስልኳን አወጣች። እናቷ ጋ ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሣም። አባቷ ጋ ደወለች፤ ዝግ ነው። እኅቷ አነሣችና ድምፅዋን ስትሰማ ወዲያው ዘጋችው። ወንድሟ እንደሆነስ? መኪና ይነዳል እኮ፣ አደጋ ደርሶበት እንደሆነስ? አንድ በአንድ ስትጠራቸው፣ አንዱን በልቧ ገድላ መልሳ ስታነሣው፣ ጉልበቷ ከጉልበቴ ጋር ሲጋጭ እየተሰማኝ ያን መንገድ ጨረስነው። እጇን ልይዛት ብሞክር ቀስ ብላ አወጣችው።

ሹፌሩ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረኝ፣ ፊቱን ሳያዞር። «ስምሪቱ ከማለዳ ተነግሮት ነው፤ የተነሣልሽም ከጎኗ ያስቀመጠሽም የኛ ሰው ነሽ ብሎ ነበር። ታባብያታለሽ ብሎ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አንኮበር ስንደርስ ሰዎቹ ከመንገዱ ዳር፣ ከግንቡ ሥር ቆመዋል። ሽማግሌዎች በጋቢያቸው ተጠቅልለው፣ ሴቶቹ ከኋላቸው። ቤት ወስደው፣ አብልተው፣ ቀስ አድርገው ሊነግሯት የተዘጋጁ ሰዎች ናቸው። ልጅቷ በሩን ራሷ ከፍታ ወረደች። አልጮኸችም፣ አልሮጠችም። ቆመች፣ ከዳር እስከ ዳር እያንዳንዱን ፊት ማየት ጀመረች። ማን እንደጎደለ እየፈለገች ነበር።

አንድ ዘንግ የያዙ ሽማግሌ ላይ ስትደርስ «አባዬ» አለች፣ ትንፋሿ መለስ አለ። ቀጥሎ አንድ ረጅም ጎረምሳ። ቀጥሎ ሕፃን ያዘለች ሴት። ጨረሰች። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች፣ አሁን ፈጠን ብላ። ከሴቶቹ ኋላ ያለውን ሁሉ ተንጠራርታ አየች።

«እማዬስ?» አለች።

አባቷ ዘንጋቸው ላይ አቀረቀሩ።

ጩኸቷን አልገልጸውም። ሴቶቹ ከመሬት ተቀበሏት። አንደኛው ሽማግሌ ወደ ሹፌሩ መጥተው «ማን ነገራት?» አሉ። ሹፌሩ ጎማውን እንደሚያይ ሰው ጎንበስ አለ። ያ ሰው አላጋለጠኝም። እኔም አፌን አልከፈትኩም፤ አንድ እግሬን መሬት፣ አንድ እግሬን መኪናው ላይ እንዳደረግኩ ቀረሁ።

ያኔ ከዳገቱ ላይ ወንድሜ እየሮጠ ሲወርድ አየሁት። ጉሙ ውስጥ ስለነበር ከግንቡ ሥር ያለውን ሰው አላየም። ከሩቅ እጁን እያውለበለበ፣ ጮክ ብሎ፣ ደስ ብሎት፣ «እታለም! አባባ ዛሬ ተነሡ! እህልም ቀመሱ፣ አንቺኑ ነው የሚጠብቁት!» አለ።

ልጅቷ ከሴቶቹ እቅፍ ውስጥ ቀና ብላ አየችኝ።